«ባሕርይ»፥ «አካል»፥ «ተዋሕዶ»፦ በክርስትና ታሪክ የሦስት ሙያዊ ቃላት አመጣጥና የዛሬ ፍቻቸው

1. መነሻ

የአንድ ቋንቋ ሙያዊ ቃላት የሚጎዱት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቃሉ ፈጽሞ ሲረሳ ነው። ይህ ጉዳት ግልጽ ስለ ሆነ አንባቢው ፍቹን ፍለጋ ወደ መዝገበ ቃላት ይሄዳል፤ አለዚያም አዋቂ ይጠይቃል። ሁለተኛውና የከፋው ግን ቃሉ ሳይረሳ፥ አጻጻፉም እምብዛም ሳይለወጥ፥ ፍቹ ብቻ ከቦታው የተንሸራተተ እንደ ሆነ ነው። በዚህ ጊዜ አንባቢው ያወቀ ስለሚመስለው አይጠይቅም፤ ሳይጠይቅም ይሳሳታል።

በክርስትና ትምህርት ታሪክ ውስጥ ዋና ዋና ከሆኑት የአማርኛ ቃላት መካከል «ባሕርይ»፥ «አካል» እና «ተዋሕዶ» በዚህ በሁለተኛው መንገድ የተጎዱ ናቸው። ሦስቱም በየቀኑ ይነገራሉ። በዛሬው አማርኛ «ባሕርይ» ሲባል ጠባይና አመል፥ «አካል» ሲባል የሰው ሰውነት ወይም የመሥሪያ ቤት ክፍል፥ «መዋሐድ» ሲባል ሁለት ማኅበሮች ወይም ሁለት ድርጅቶች ፈርሰው አንድ መሆናቸው ይታሰባል። አንድ የዘመኑ ተማሪ በዚህ እውቀቱ ብቻ ተመርቶ የጥንቱን የሃይማኖት መጽሐፍ ቢያነብ ምን ይረዳል? «የባሕርይ አምላክ» የሚለውን «ጠባዩ አምላካዊ የሆነ»፥ «ሦስት አካል» የሚለውን «ሦስት ሰውነት»፥ «ተዋሕዶ» የሚለውንም «ተቀላቅሎ ሌላ መሆን» ብሎ ይፈታዋል።

እነዚህ ሦስት የተሳሳቱ ፍቾች እንዲያው የተገኙ ተራ ስሕተቶች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ባልከበደ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ቃሉ ጥንት ሊያስወግደው የቆመውን ሐሳብ መልሰው የሚያስገቡ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሃይማኖት ክርክር ለማንሣት ሳይሆን፥ ቃላቱ ከየት እንደ መጡ፥ በምን ምክንያት እንደ ተለዩና መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንዴት ሊይዛቸው እንደሚገባ ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

2. የግዕዝ የሃይማኖት ቃላት ምንጮች

የክርስትና ቃላት ወደ ግዕዝ የገቡት በአንድ ጊዜና በአንድ በር አይደለም። የመጀመሪያው ምንጭ የአራማይስጥ ቋንቋ ነው። «ሃይማኖት»፥ «ኦሪት»፥ «ምጽዋት»፥ «ጣዖት»፥ «ታቦት» የሚሉት ቃላት ከዚሁ ወገን መሆናቸውን የሴም ቋንቋዎች ጥናት ያስረዳል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ በአይሁድ አራማይስጥ በኩል የመጡ ስለሆኑ ከክርስትና መግባት በፊት ሊታወቁ እንደሚችሉ ሊቃውንት ያመለክታሉ። «ቀሲስ» የሚለውም ከሱርስት የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቹ «ሽማግሌ» ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ጽርእ ነው። «ወንጌል» (የምሥራች)፥ «ዲያቆን» (አገልጋይ)፥ «ኤጲስ ቆጶስ» (ተመልካች፥ ጠባቂ)፥ «ሲኖዶስ» (አብሮ መምጣት፥ ጉባኤ) ከጽርእ በቀጥታ የተወረሱ ናቸው። ቅዱሳት መጻሕፍት በአክሱም ዘመን የተተረጐሙት ከዚሁ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ተርጓሚዎቹ አንዳንዱን ቃል እንዳለ ሲቀበሉ አንዳንዱን ከግዕዝ ግንድ አውጥተው ሰይመውታል። ሦስተኛው ምንጭ ዓረብኛ ነው። በመካከለኛው ዘመን የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በዓረብኛ ይጻፉ ስለ ነበር፥ «ሃይማኖተ አበው» እና «ፍትሐ ነገሥት» የመሳሰሉት ሥራዎች ወደ ግዕዝ የተመለሱት ከዚሁ ቋንቋ ነው።

እንግዲህ አንድ የግዕዝ ቃል የጽርእን ፅንሰ ሐሳብ በአንድ ዘመን፥ የዓረብኛን አቻ ደግሞ በሌላ ዘመን ሊሸከም ይችላል። ከታች የምናያቸው ቃላት ፍች የተደራረበበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. «ህላዌ» እና የኒቅያ ጉባኤ

የነገሩ መነሻ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእስክንድርያ የተነሣው ክርክር ነው። አርዮስ የተባለው ቄስ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ የከበረ ቢሆንም የተፈጠረ ነው፥ ያልነበረበትም ጊዜ ነበረ ሲል አስተማረ። ይህን ጉዳይ ለመመርመር ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ ሰበሰበ። በአገራችን ትውፊት ተሰብሳቢዎቹ 318 ስለ ነበሩ «ሠለስቱ ምዕት» ይባላሉ።

ጉባኤው የገጠመው ችግር በከፊል የቋንቋ ችግር ነበር። አባቶች ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት አውጥተው የወልድን ክብር ቢገልጹ፥ የአርዮስ ወገኖች ቃሉን ተቀብለው በራሳቸው መንገድ ይፈቱት ነበር። ስለዚህ ሁለት ትርጉም የማይሰጥ ቃል ተፈለገ፤ ተመርጦ የገባውም «ሆሞኡሲዮስ» የሚለው ነው። ቃሉ ከሁለት የተሠራ ሲሆን «ሆሞ» አንድ ዓይነት፥ «ኡሲያ» ደግሞ መሆን፥ ኑሮ፥ ህላዌ ማለት ነው። «ኡሲያ» መሆንን ከሚያመለክተው የጽርእ ግሥ የወጣ ነው። የግዕዙም «ህላዌ» «ሀለወ» (ኖረ፥ አለ) ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ሁለቱ ቃላት በአወጣጣቸው እንኳ የተመሳሰሉ ናቸው።

«ሆሞኡሲዮስ» የሚለው ቃል በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የማይገኝ መሆኑ ብዙዎችን አስጨነቀ። ከዚህም በላይ በ268 ዓ.ም. በአንጾኪያ የተሰበሰበ ጉባኤ የሳምሳጢው ጳውሎስ ይጠቀምበት ስለ ነበር ይህንኑ ቃል ነቅፎት እንደ ነበር የ4ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ስለዚህ አንዱ ጉባኤ የነቀፈውን ቃል ሌላው ጉባኤ ዋና መለያው አደረገው ማለት ነው። በ360 ዓ.ም. ደግሞ በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት «ኡሲያ» የሚለው ቃል ጭራሽ እንዳይነገር ወሰኑ። ክርክሩ የረጋው በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ በተደረገው ጉባኤ ነው።

ይህ ክርክር አክሱምንም ነክቷል። ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ በ356 ዓ.ም. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና በጻፈው ደብዳቤ፥ ጳጳሱ ፍሬምናጦስ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠየቀ። ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ በዚያን ጊዜ ከመንበሩ የተሰደደ ሲሆን፥ በቦታው የተተካው ጊዮርጊስ የአርዮሳውያን ወገን ነበር። የደብዳቤው ቃል በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ስለዚህ የ«ኡሲያ» ጉዳይ ለአክሱም ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አልነበረም፤ የጳጳሷን ሹመት የሚነካ ነገር ነበር።

የግዕዙ ጸሎተ ሃይማኖት «ሆሞኡሲዮስ» የሚለውን የተረጐመበት መንገድ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ተርጓሚው የጽርዑን ቃል ቈራርጦ አንድ አዲስ ጥምር ቃል አልፈጠረም፤ «ዕሩይ» (ትክክል፥ እኩል) የሚለውን የታወቀ ቃል ወስዶ እኩልነቱ በመለኮት መሆኑን አስከትሎ ገለጸ። በመለኮት ትክክል የሆነ ፍጡር ሊኖር ስለማይችል የአርዮስ አሳብ በዚህ ተዘጋ። የቃል በቃል ትርጉም ሳይሆን የዓላማ ትርጉም ነው።

4. «አካል»

ሁለተኛው ቃል «አካል» ነው። በጽርእ አቻው «ሂፖስታሲስ» ሲሆን፥ የቃሉ ቅርጽ «ከሥር የቆመ» የሚል ነው። በመጀመሪያ ጊዜ «ኡሲያ» እና «ሂፖስታሲስ» እንደ ተመሳሳይ ቃላት ይቈጠሩ ነበር፤ በ325ቱ የኒቅያ ውግዘት ውስጥም ሁለቱ ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል። ከዚያ በኋላ ግን አንዳንዱ «አንድ ሂፖስታሲስ»፥ ሌላው «ሦስት ሂፖስታሲስ» ማለት ጀመረ። የፊተኞቹ የኋለኞቹን «ሦስት አማልክት አደረጉ» ሲሉ፥ የኋለኞቹ ደግሞ የፊተኞቹን «የአብንና የወልድን ልዩነት አጠፉ» ይሏቸው ነበር።

በ362 ዓ.ም. አትናቴዎስ በእስክንድርያ ጉባኤ ሰብስቦ የሠራው ሥራ ለማንኛውም የቃላት ሊቅ ምሳሌ የሚሆን ነው። ሁለቱን ወገኖች «ይህን ቃል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሦስት» የሚሉት ሦስት አማልክት ማለታቸው እንዳልሆነ፥ «አንድ» የሚሉትም ቃሉን በ«ኡሲያ» ፍች መያዛቸው ታወቀ። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩት በሃይማኖት ሳይሆን በቃል አያያዝ ስለ ነበር እርስ በርስ እንዳይወጋገዙ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ የቂሣርያው ባስልዮስ፥ የእንዚናዙው ጎርጎርዮስና የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ቃላቱን ለይተው አጸኑ። «ኡሲያ» የጋራውን፥ «ሂፖስታሲስ» የእያንዳንዱን እንዲያመለክት ተደረገ። ስለዚህ ሥላሴ በኡሲያ አንድ፥ በሂፖስታሲስ ሦስት ይባላሉ።

ላቲኖች ግን ሌላ ችግር ነበረባቸው። ከ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከጠርጡልያኖስ ጀምሮ «አንድ ሱብስታንቲያ፥ ሦስት ፔርሶና» ይሉ ነበር። «ሱብስታንቲያ» በአሠራሩ «ከሥር የቆመ» ማለት ስለ ሆነ ለ«ሂፖስታሲስ» የቅርብ አቻ ይመስላል። በዚህ የተነሣ «ሦስት ሂፖስታሲስ» የሚለው የጽርእ አነጋገር ለላቲን ጆሮ «ሦስት ህላዌ» ሆኖ ይሰማ ነበር። ሄሮኒሞስም በሶርያ ምድረ በዳ ሳለ ይህን ቃል እንዲቀበል ሲገፋፉት ለሮሙ ጳጳስ ለደማስቆስ በጭንቀት የጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ቃል በቃል አቻ የሚመስል ቃል በፍች አቻ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ግዕዝ ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ የያዘው «አካል» የሚለውን ነው። ቃሉ «አከለ» ከሚለው ግሥ ጋር ይያያዛል፤ በአማርኛም «ተራራ የሚያክል» ስንል ይኸው ዘር አለ። በዚህ አፈታት መሠረት «አካል» ማለት ልክና መጠን ያለው፥ ራሱን ችሎ የቆመ፥ «እኔ» ሊል የሚችል ማለት ነው። ሥጋዊ ግዙፍነት የግድ አይደለም፤ መላእክትም ግዙፍ ሥጋ ሳይኖራቸው አካል አላቸው ይባላል።

የዛሬው አማርኛ ግን «አካል» የሚለውን አንድም ወደ ሥጋ አውርዶታል («የአካል ብቃት»፥ «አካል ጉዳተኛ»)፤ አንድም ወደ ሥልጣን ክፍል ወስዶታል («የሚመለከተው አካል»)። ከዚህም የተነሣ «ሦስት አካል» የሚለው ሐረግ ላልተማረ ጆሮ «ሦስት ሰውነት» ይሆንና ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ሊያስወግዱት የደከሙበትን የሦስት አማልክት አሳብ ያስከትላል። በሌላ በኩል ቃሉ የመጀመሪያ ኃይሉን ፈጽሞ እንዳልጣለ የሚያሳይ ነገርም አለ። «የሚመለከተው አካል» ስንል ክንድና እግር ያለውን ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚጠየቅን ወገን ማለታችን ነውና፥ ይህ አነጋገር ሳይታወቅ ወደ ጥንቱ ፍች የተጠጋ ነው። የሕግ ቋንቋ ደግሞ ለዚህ ቅርብ የሆነ ፅንሰ ሐሳብ ሲያስፈልገው «የሕግ ሰውነት» የሚለውን መርጧል። የሚያስገርመው «ሰውነት» የሚለውም ቃል እንደ «አካል» ሁሉ በአንድ በኩል ሰው መሆንን፥ በሌላ በኩል ሥጋን የሚያመለክት መሆኑ ነው።

5. «ገጽ»

ከ«አካል» ጋር አብሮ የሚነሣው «ገጽ» ነው፤ የጽርዑ አቻ «ፕሮሶፖን» ይባላል። «ፕሮሶፖን» ፊት ማለት ሲሆን ተዋናይ በመድረክ ላይ የሚያጠልቀውን ጭምብልም ያመለክት ነበር። የላቲኑ «ፔርሶና» እንዲሁ የጭምብል ስም ነበር። የጽርእ ሰዋስው ሊቃውንት «እኔ፥ አንተ፥ እርሱ» የሚሉትን ሦስቱን መደቦች የሰየሙት በዚሁ በ«ፕሮሶፖን» ነው።

ይህ ቃል ብቻውን ለምን አልበቃም? በ3ኛው መቶ ዘመን የሰባልዮስ ወገኖች አብ፥ ወልድ፥ መንፈስ ቅዱስ የአንዱ አምላክ መገለጫዎች ብቻ ናቸው ይሉ ነበር። «ሦስት ፕሮሶፖን» ቢባል እነርሱ አንድ ተዋናይ ሦስት ጭምብል እንደሚቀያይር አድርገው ሊፈቱት ይችላሉ። ስለዚህ «ሂፖስታሲስ» ተጨመረበት፤ ፊቱ ጭምብል ሳይሆን ራሱን የቻለ ባለቤት ያለው መሆኑን ለማስታወቅ ነው። በአገራችን የሥላሴ ትምህርት ውስጥ «አካል» እና «ገጽ» ሁልጊዜ አብረው የሚጠሩበት ምክንያት ከዚህ ይገባናል። አንዱ ቃል የሌላውን ክፍት በር ይዘጋል።

6. «ባሕርይ» እና የኬልቄዶን ጉባኤ

በ5ኛው መቶ ዘመን ጥያቄው ከሥላሴ ወደ ክርስቶስ ሰው መሆን ተሻገረ። የቍስጥንጥንያው ንስጥሮስ ድንግል ማርያም «ክርስቶቶኮስ» (የክርስቶስ እናት) እንጂ «ቴዎቶኮስ» (ወላዲተ አምላክ) ልትባል አይገባም በማለቱ፥ በ431 ዓ.ም. የኤፌሶን ጉባኤ አወገዘው። የእስክንድርያው ቄርሎስ መከራከሪያ ግልጽ ነበር፤ የተወለደው አንዱ ራሱ ቃል ከሆነ እናቲቱ ወላዲተ አምላክ ናት። ከዚህ ክርክር የተወለደው ዋናው ቃል «ፊሲስ» ነው፤ በግዕዝና በአማርኛ «ባሕርይ» ይባላል።

ቄርሎስ ሥጋ የሆነው ቃል አንድ «ፊሲስ» ነው ሲል፥ ቃሉን የሚይዘው ለ«ሂፖስታሲስ» በቀረበ ፍች፥ ማለት በግብር ያለ አንድ ሕያው ባለቤት በሚል ነው። የአንጾኪያ ትምህርት ቤትና የሮሙ ልዮን ግን «ፊሲስ» (በላቲን «ናቱራ») ሲሉ መለኮትነትንና ሰውነትን፥ ማለት «ምንድር ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ነው። ለፊተኛው ሁለት ፊሲስ ማለት ሁለት ባለቤት ማለት ነው፤ ለኋለኛው አንድ ፊሲስ ማለት ከሁለቱ አንዱን ማጥፋት ነው።

በ451 ዓ.ም. የኬልቄዶን ጉባኤ «በሁለት ባሕርይ» የሚለውን ወሰነ። እስክንድርያውያን ይሉ የነበረው «ከሁለት ባሕርይ» ነበር። በጽርእ የሁለቱ ልዩነት አንድ አጭር መስተዋድድ ብቻ ነው። «ከ» የሚለው ከተዋሕዶ በፊት የነበረውን፥ «በ» የሚለው ከተዋሕዶ በኋላ የቀረውን ያመለክታልና፥ በዚህች መስተዋድድ ላይ የእስክንድርያ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ከሮምና ከቍስጥንጥንያ ተለዩ። የተለያዩት ሁለቱም ወገኖች ግን የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ውስጥ እንደ ጠፋ ያስተማረውን አውጣኪን እንደሚያወግዙ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቃላችን እንመለስ። በግዕዝ «ባሕርይ» በመጀመሪያ ከባሕር የሚወጣ ዕንቍ ማለት ነው፤ በግዕዙ ወንጌል ውስጥም በዚሁ ፍች ይገኛል። ዕንቍ እንዴት የህላዌ ስም ሊሆን ቻለ? መልሱ በዓረብኛ በኩል የሚገኝ ይመስላል። ከፋርስ ቋንቋ የተወረሰው «ጀውሀር» በዓረብኛ አንድም ዕንቍ፥ አንድም በፍልስፍናና በሃይማኖት መጻሕፍት የነገር ሥረ መሠረት፥ ህላዌ ማለት ነው። የዓረብኛ ክርስቲያን ጸሐፊዎች «ኡሲያ» የሚለውን በዚሁ ቃል ይገልጹ ነበር። የግዕዝ ተርጓሚዎችም ዕንቍ የሚለውን ፍች ይዘው ሁለተኛውን ፍች አብረው ያሻገሩት ይመስላል። እንግዲህ «ባሕርይ» የአንድን ነገር ውስጠኛ እውነት፥ ከጥልቅ የሚወጣውን ያመለክታል። አራቱ ባሕርያት (እሳት፥ ነፋስ፥ ውሃ፥ መሬት) የሚባሉትም ነገር ሁሉ የሚቆምባቸው መሠረቶች ስለ ሆኑ ነው።

በዛሬው አማርኛ ይህ ቃል ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥቷል። «ባሕርዩ መልካም ነው» ሲባል አመሉን ማለት ነው፤ አጻጻፉም ብዙ ጊዜ «ባህርይ» ወይም «ባህሪ» ሆኗል። ጓደኛው «ጠባይዕ» ተመሳሳይ ዕድል ደርሶበታል። ጥንት ተፈጥሮን ያመለክት የነበረው ቃል በአማርኛ «ጠባይ» ሆኖ የሰውን አመል ብቻ ይዞ ቀርቷል። የሳይንስ ቋንቋ ግን «የማዕድኑ ባሕርያት» በማለት ቃሉን ወደ ጥንቱ መሠረት ጥቂት መልሶታል።

እዚህ ላይ የጉዳቱ መጠን ይታያል። «የባሕርይ አምላክ» የሚለው ሐረግ «በህላዌው አምላክ የሆነ፥ አምላክነቱ ያልተሰጠው» ማለት ነው። በዘመኑ ፍች ቢነበብ ግን «በጠባዩ አምላክን የሚመስል» ይሆናል። ይህ ደግሞ አርዮስ ሊቀበለው የሚችል አባባል ነው። የ325 ዓ.ም. ጉባኤ የዘጋውን በር የአንድ ቃል መንሸራተት ያለ ክርክር ይከፍተዋል ማለት ነው።

7. «ተዋሕዶ» እና ተከታዮቹ

«ተዋሕዶ» የወጣው «ተዋሐደ» (አንድ ሆነ) ከሚለው ግሥ ነው፤ «አሐዱ» እና «ዋሕድ» ከሚሉት ጋር አንድ ዘር አለው። በትምህርቱ ውስጥ የቃሉ ፍች የሚታወቀው ከእርሱ በተለዩት ቃላት ነው። የአገራችን ሊቃውንት ተዋሕዶን ሲያስረዱ የሚከተሉትን ያስወግዳሉ፦

«ውላጤ»፦ አንዱ ወደ ሌላው መለወጥ፤
«ሚጠት»፦ ተለውጦ እንደ ገና ወደ ነበረበት መመለስ፤
«ቱሳሔ»፦ እንደ ውሃና ወተት መቀላቀል፤
«ቡዐዴ»፦ ተለያይቶ መኖር፥ ባዕድ መሆን፤
«ኅድረት»፦ ሰው በቤት እንደሚያድር ማደር፤
«ትድምርት»፦ ዕቃ በዕቃ ላይ እንደሚደረብ መደራረብ።

እነዚህ ስድስት ቃላት አንድ ፅንሰ ሐሳብ በዙሪያው ባሉት ሲታጠር ወሰኑ እንዴት እንደሚታወቅ ያሳያሉ። የኬልቄዶን ጉባኤ ደግሞ የራሱን ውሳኔ በአራት አሉታዊ ቃላት አጥሮታል፤ እነርሱም ያለ መቀላቀል፥ ያለ መለወጥ፥ ያለ መከፋፈል፥ ያለ መለያየት የሚሉ ናቸው። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፥ በአዎንታዊው ቃል የተለያዩት ወገኖች በአሉታዊዎቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይመለከታል።

የዛሬው «ውሕደት» ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሁለት ድርጅቶች ስማቸውንና ሕልውናቸውን ትተው ሦስተኛ ሲሆኑ ነው። ይህ በጥንቱ አነጋገር «ውላጤ» ወይም «ቱሳሔ» እንጂ «ተዋሕዶ» አይደለም። ስለዚህ የዘመኑ ፍች አንባቢውን የሚያደርሰው ወደ አውጣኪ ነው።

በአገራችንም ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በተነሣው ክርክር የቃላት ጉዳይ ዋና ቦታ ነበረው። ሐዋርያው ስለ ክርስቶስ መቀባት የተናገረው እንዴት ይፈታ በሚለው ላይ፥ አንዱ ወገን ሥጋ የከበረው በቅባት ነው ሲል «ቅባት» ተባለ፤ ሁለተኛው ከሁለቱ ልደታት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ የጸጋ ልደት አለ ሲል «ጸጋ» ወይም «ሦስት ልደት» ተባለ፤ ሦስተኛው ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው፥ ልደታቱም ሁለት ብቻ ናቸው ሲል «ተዋሕዶ» ተባለ፤ ተቃዋሚዎቹም «ካራ» ይሉት ነበር። በ1878 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት በወሎ ቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የሦስተኛው ወገን ትምህርት ጸና። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ልብ ሊለው የሚገባው፥ «ቅባት» እና «ጸጋ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ሁለት ፍች እንዳላቸው ነው። አንደኛው ሁሉም የሚቀበለው ነገር ስም ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ወገን መጠሪያ ነው።

8. በሌሎች ቋንቋዎች የተሰጠ ስያሜ

ከኬልቄዶን ውጭ የሆኑት አብያተ ክርስቲያናት በአውሮፓ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን «ሞኖፊዚት» ሲባሉ ቆይተዋል። «ሞኖስ» በጽርእ «ብቸኛ» ማለት ስለ ሆነ ስያሜው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቀረ የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ይህም የአውጣኪ ትምህርት ነው። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱ ስሙን አልተቀበሉትም። አሁን ብዙ ምሁራን በቄርሎስ ቃል ላይ በመመሥረት «ሚያፊዚት» የሚለውን ይመርጣሉ። «ሚያ» «አንድ» ማለት ሲሆን ከሁለት የተገኘ አንድነትን አይከለክልም። አንዱ ወገን ሌላውን የሰየመበት ቃል ያ ወገን ራሱን ከሚጠራበት ተለይቶ መመዝገብ እንዳለበት ይህ ምሳሌ ያስተምራል።

በ20ኛው መቶ ዘመን አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ወደ ቃላቱ ምርመራ ተመለሱ። የምሥራቅና የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ሊቃውንት በ1964 ዓ.ም. በኦርሁስ፥ በ1967 በብሪስቶል፥ በ1970 በጄኔቫ፥ በ1971 በአዲስ አበባ ተገናኝተው ተነጋገሩ። በ1973 ዓ.ም. የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በፈረሙት የጋራ መግለጫ ላይ፥ አከራካሪዎቹን የቍጥር ሐረጎች ትተው ያለ መቀላቀል፥ ያለ መለወጥ፥ ያለ መለያየት የሚሉትን የመሰሉ አገላለጾች ተጠቀሙ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ የሮም ቤተ ክርስቲያን ከአሦር የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተመሳሳይ መግለጫ ፈረመች። በዚህ በኩል ዋናው ችግር የሱርስት ቃል «ቅኖማ» ነበር፤ «ሂፖስታሲስ» ለሚለው አቻ ሆኖ ቢያገለግልም በፍች ሙሉ በሙሉ አይገጥመውምና። የ362 ዓ.ም. ጥያቄ፥ «ይህን ቃል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» የሚለው፥ ከ1600 ዓመት በኋላ እንደ ገና ተጠየቀ ማለት ነው።

9. ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉትን ማቅረብ ይቻላል።

ሀ) ሙያዊው ፍች ከዕለታዊው ፍች ተለይቶ በተራ ቍጥር ይመዝገብ፤ የሙያው ስም በምሕጻረ ቃል ይመልከት። ለምሳሌ፦ ባሕርይ፦ 1. ዕንቍ (ጥንታዊ)። 2. የአንድ ነገር ህላዌ፥ ነገሩን ያን ነገር የሚያደርገው (ሃይ.)። 3. የነገሮች መለያ ጠቋሚ ነገር (ሳይ.)። 4. ጠባይ፥ አመል።

ለ) «አካል» ሲፈታ «ሥጋ» የሚለው ፍች ብቻውን አይቅደም፤ «ራሱን ችሎ ያለ ባለቤት» የሚለው አብሮ ይግባ።

ሐ) የሃይማኖት ሐረጎች እንደ ሐረግ ራሳቸውን ችለው ይመዝገቡ። «የባሕርይ አምላክ»፥ «የጸጋ ልጅ» የመሰሉትን በነጠላ ቃላቸው ፍች ብቻ ማግኘት አይቻልም።

መ) ተቃራኒ ቃላት እርስ በርስ ይጠቃቀሱ። «ተዋሕዶ» በሚለው ሥር «ውላጤ»፥ «ሚጠት»፥ «ቱሳሔ»፥ «ቡዐዴ»፥ «ኅድረት»፥ «ትድምርት» ቢመለከቱ የቃሉ ወሰን ይታወቃል።

ሠ) ከግዕዝ የመጡ ሙያዊ ቃላት በተቻለ መጠን የዘራቸውን ፊደል ይጠብቁ። «ባሕርይ» በሐመሩ «ሐ» ሲጻፍ «ባሕር» ከሚለው ጋር ያለው ዝምድና ይታያል፤ «ባህሪ» ሲባል ግን ዘሩ ይሰወራል።

እነዚህን ነጥቦች መከተል ምእመኑንም፥ ታሪክ አጥኚውንም፥ ሃይማኖቱን የማይከተለውንም አንባቢ እኩል ይጠቅማል። የጥንቱን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሊቀበለውም ሆነ ሊቃወመው የሚችለው መጽሐፉ በእርግጥ ያለውን ሲያውቅ ነው። ለዚህም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ አትናቴዎስ በእስክንድርያ እንዳደረገው ነው፤ ፈራጅ ሳይሆን በመጀመሪያ ጠያቂ መሆን።